«መጨረሻው ላይ ይሞታሉ እንዴ?»

ከሽሮ ሜዳ ወዲህ ያለውን አቀበት ወጥቶ ስለ ልብ ወለድ ለመስማት እንጦጦ ማርያም ድረስ መምጣት ቀላል ነገር አይደለም።

መጽሐፍ ሲያከራይ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጥያቄ አለች። ደንበኛዋ መጽሐፉን ታገላብጣለች፣ የጀርባ ሽፋኑን ታነባለች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መጨረሻው ላይ ይሞታሉ እንዴ?» ትላለች። አከራዩ አብዛኛውን ጊዜ «አንብቢውና ታይዋለሽ» ብሎ ያልፋታል። እኛ የተማርን ነን ባዮች ደግሞ ጥያቄዋን እንንቃለን። ስለ ሥነ ጽሑፍ ውበት መጠየቅ ሲገባት ስለ መሞትና ስለ መዳን ትጠይቃለች እንላለን። እኔ ግን ከእሷ ወገን ነኝ። ስለ ፍቅር ልብ ወለድ ከሚጠየቁ ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። አንድ ኅብረተሰብ እነማን ተዋደው መኖር እንደሚችሉ የሚያስበውን ማወቅ የሚሻ ሰው፣ በልብ ወለዶቹ መጨረሻ ገጽ ላይ በሕይወት የሚያገኛቸው እነማንን እንደሆነ ይመልከት።

የዛሬው ርዕሴ አዳዲስ የፍቅር ልብ ወለዶችን ማንበብና ለሌላ ሰው መምረጥ ነው። ስማቸውን በአደባባይ ለመጥራት የምንፈራቸውን፣ በሁለት ሴቶች ወይም በሁለት ወንዶች መካከል ያለን ፍቅር የሚተርኩትንም አልዘላቸውም። እነሱን ዘልሎ ስለ ዘመናችን የፍቅር ልብ ወለድ መናገር ግማሹን መደርደሪያ በጨርቅ ሸፍኖ ቤተ መጻሕፍት ማስጎብኘት ነው።

የቆምንበት ቦታ ለጉዳዩ ባዳ አይደለም። እንጦጦ ማርያም ስትነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ደብር መሆኗ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ አባትም ይህን ተራራ ያውቀዋል። የዘጌው ልጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጣሊያን አገር ሥዕል ተምሮ ሲመለስ፣ እዚህ እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያን በሥዕል እንዲያስጌጥ ታዝዞ ነበር። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ግን አልተስማማም። ዞሮ ዞሮ ወደ ጣሊያን ተመለሰ፣ ኔፕልስ ላይ አማርኛ አስተማረ፣ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ያለውን መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው ይኸው ነው። ኋላ ከጣሊያን ወራሪ ጋር በማበሩ የአፈወርቅ ስም ጎድፏል፤ በትክክልም ጎድፏል። መጽሐፉ ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እንደሆነ ቀርቷል።

እስቲ አንዱን ክፍል ቀረብ ብለን እንየው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንትያ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ትወጣለች። በየመንገዱ የሚያገኛት ሁሉ መልከ መልካም ጎረምሳ ትመስለዋለች። ወደ አረመኔው ንጉሥ አገር ሲደርሱ ከንጉሡ ወገን የሆነች አንዲት ወጣት በዚህ «ጎረምሳ» ፍቅር ትያዛለች። እኛ አንባቢዎቹ ጦቢያ ሴት መሆኗን እናውቃለን፤ አፍቃሪዋ አታውቅም። ሳቁም ጭንቀቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ለመሆኑ ልጅቷ የወደደችው ምኑን ነው? ልብሱን? ፊቱን? ጨዋነቱን? ደራሲው ጥያቄውን አንሥቶ አይመልሰውም። ታሪኩን በጋብቻ ይቋጨዋል፤ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል።

«ጦቢያ» የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር መጽሐፍ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያ ብል መጽሐፉንም እናንተንም እበድላለሁ። የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሴት በወንድ ልብስ የሴትን ልብ የምትማርክበት ታሪክ ትናንት በአውሮፕላን የገባ ሸቀጥ አይደለም፤ የልብ ወለዳችን መነሻ ላይ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን የሚያልቀው በሠርግ ነው። አከራዩ ጋ የቆመችው ልጅ በ1900 ዓ.ም ብትጠይቅ ኖሮ መልሱ «ኧረ አይሞቱም፣ ይጋባሉ» ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ፍቅረኞቻችንን መቅበር ያዝን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለወንጌል ምን እንደሚደርስባቸው ርዕሱ አስቀድሞ ነግሮናል። በዛብህ የስለት ልጅ ነው፣ ድሃ ነው፣ የቆሎ ተማሪ ነው። ሰብለወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። በመካከላቸው የቆመው ፊታውራሪው ብቻ አይደሉም፤ አጥንት ቆጥሮ የሚጋባው ሥርዓት በሙሉ ነው። ይህንን ከሥርዓቱ ጋር የሚጣላው ጉዱ ካሳ ገና ከጅምሩ አይቶታል። ሐዲስ ፍቅረኞቹን የገደሉት በጭካኔ አይመስለኝም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር ብለው ቢጽፉ ውሸት ይሆንባቸው ነበር። መቃብሩ የክስ ማስረጃ ነው።

መጽሐፉን አገር ምድሩ ያወቀው ደግሞ በማንበብ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ወጋየሁ ንጋቱ ተረከው። የእንጦጦን ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርድ እናት ፊደል ባትቆጥርም ሰብለወንጌልን በወጋየሁ ድምፅ ልታውቃት ትችላለች። መጽሐፍ መምረጥ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሰው ወደደው፣ በሚገባ አነበበው፣ ከዚያ ለሌላው በሚሰማው መንገድ አደረሰው። የዛሬዎቹ የትረካ ቻናሎችና የኤፍ ኤም ፕሮግራሞች የዚያ ሥራ ወራሾች ናቸው።

በዓሉ ግርማም ከዚህ ወግ አልወጣም። በ1975 ዓ.ም በወጣው «ኦሮማይ» ጸጋዬ ኃይለማርያምና ፊያሜታ በአሥመራ ጦርነት መካከል ይዋደዳሉ፤ ፍጻሜው ሐዘን ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ባለሥልጣናቱን ያስቆጣው ፍቅሩ ሳይሆን ስለ ጦርነቱ የተጻፈው ነው። አንባቢው ግን የተሸሸገውን ቅጂ ሌሊት ሲያነብ ሁለቱን ለያይቶ አላነበባቸውም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ስለ ውቤ በረሃ ሌሊቶች የጻፈው «ሌቱም አይነጋልኝ»ም ሳይታተም ለአሥርት ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። የአዲስ አበባ አንባቢ «ነውር ነው» የተባለን መጽሐፍ በድብቅ ማንበብ ዛሬ የጀመረው ልማድ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የነቢይ መኮንን ታሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም ያረፈው ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ዝነኛ የፍቅር ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት አልነበረም። የተረጎመው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ነው፤ ብጥስጣሹ በሺዎች ይቆጠራል። ጽሑፉ እየተሸሸገ ከእስር ቤት ወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። «የፍቅር ልብ ወለድ ሥራ ፈት የሚያነበው ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የነገ መኖር በሚያጠራጥርበት ቤት የተመረጠው መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ስካርሌት የምትወደው ሰው ጥሏት ሲሄድ «ነገ አለ» ብላ የምትነሣበት ነው። አልሞተችም።

እዚህ ላይ የመራጭን ሐቀኝነት የሚፈትን ነገር አለ። ይኸው መጽሐፍ የአሜሪካን ደቡብ የባርነት ዘመን በናፍቆት ዐይን ያያል፤ ጥቁሮቹን በጌቶቻቸው ቤት የረኩ አስመስሎ ይስላቸዋል። ስለዚህ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ለወጣት አንባቢ ስሰጥ ሁለቱንም እነግራታለሁ። ትርጉሙ ድንቅ ነው፣ ስካርሌት ትማርካለች፣ ስለ ባርነት የሚለውን ግን አትመኚው። ጉድለቱን መናገሬ ከመጽሐፉ አያርቃትም፤ ዐይኗን ገልጣ እንድታነብ ያደርጋታል እንጂ።

አሁን በእጄ የያዝኩትን መጽሐፍ እዩት። ስሙን አልነግራችሁም፤ የኪራይ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ካለቀ ቆይቷል፤ በጋዜጣ ተለብዶ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ጠርዙ በመርፌ ተሰፍቷል። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የተከራዮች ስም በተለያየ ቀለም ተደርድሯል። የፍቅር ገጾቹ በጣት ብዛት ጠቁረዋል፤ ስለ አገር ልማት የሚሰብኩት ገጾች ንጹሕ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች ተገንጥለዋል። ታሪኩ ልጅቷ ሆስፒታል እንደተኛች ይቋረጣል። ከታች አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ «አልሞተችም» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላ እጅ ጽሑፍ «ማን ነገረህ?» ይላል። በዚህ አገር ስለ ፍቅር ልብ ወለድ የተካሄደው ሐቀኛ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የዛሬ ወጣቶች የሚያነቡት አዲስ የፍቅር ልብ ወለድ ወደ «አልሞተችም» እያደላ ነው። በዓለም ገበያ የፍቅር ልብ ወለድ የሚባለው ዘርፍ ራሱ ከአንባቢው ጋር አንድ ውል አለው፦ ሁለቱ ብዙ ይሰቃያሉ፣ በመጨረሻ ግን አብረው ይሆናሉ። ይህን ውል የማያውቅ ሃያሲ «መጨረሻው አስቀድሞ ይታወቃል» ብሎ ያጣጥላል። መታወቁማ ይታወቃል። ሠርግ ስንጠራም ሙሽሮቹ እንደሚጋቡ እናውቃለን፤ አንቀርም። ጥበቡ ያለው እንዴት እዚያ እንደሚደርሱ ላይ ነው። በእኛም አገር በየስልኩ በክፍል በክፍል የሚወጡት ታሪኮች ስለ ታክሲ ተራ፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ጎረቤት፣ ስለ አረብ አገር ስደት ያወራሉ። ፊታውራሪ የለባቸውም፤ የቤት ኪራይ ግን አለባቸው። ብዙዎቹ አርታኢ ያላያቸው ናቸው፤ ፊደሉ ይሳከራል፣ ሐሳቡ ይደጋገማል። መልካሞቹን ከእብቁ የሚለይ አንባቢ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ተሸፈነው መደርደሪያ እንምጣ።

የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ ልብ ወለዶችም ያንኑ የመቃብር መንገድ ተጉዘዋል፤ እንዲያውም ባሰባቸው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ቢጻፍ እንኳ መጨረሻው ላይ ራሱን ያጠፋል ወይም ይገደላል፤ አሳታሚውም ሳንሱሩም በዚህ ይጽናናሉ። እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር ይህን እምቢ አለ። «ሞሪስ» የተባለውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1914 ጻፈ። ሁለቱ ወንዶች አብረው እንዲኖሩ አድርጎ ጨረሰው፤ እንዲህ ያለው ፍጻሜ በአገሩ ሕግ ፊት የማይቻል ስለነበረ መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። የታተመው ደራሲው ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1971 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ያስቆየው ግድያ ወይም ብልግና አልነበረም፤ ደስታ ነበር።

ከአህጉራችንም እንዲህ ያሉ ታሪኮች አሉ። ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኔኮ ስለ ሁለት ሴት ልጆች ፍቅር በጻፈችው «ጃምቡላ ትሪ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2007 የኬን ሽልማትን አግኝታለች። ታሪኩ ሁለቱን ከለያየ በኋላ የሚያቆመው በመጠበቅ ላይ ነው፤ አንደኛዋ ከለንደን ልትመለስ ነው፣ ሌላዋ ትጠብቃታለች። ናይጄሪያዊቷ ቺኔሎ ኦክፓራንታ እ.ኤ.አ. በ2015 «አንደር ዘ ኡዳላ ትሪስ»ን ስታወጣ ታሪኩን የጀመረችው ከቢያፍራ ጦርነት ነው። ሶማሊያዊው ዲሪዬ ኡስማን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ስደትን፣ ቤተሰብንና እምነትን አንድ ላይ ይዟቸዋል። እነዚህ ስለ ሩቅ አገር ሰው የተጻፉ አይደሉም። እናቲቱ የምትቆጣበት አነጋገር፣ ጎረቤት በመስኮት የሚያይበት ዐይን፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሚፈርድበት ወግ፣ ሁሉም የምናውቀው ነው።

«ሕጉስ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግብረ ሥጋ ያስቀጣል። ይህን ደብቄ ላልፍ አልፈልግም፤ የብዙ ሰው ሕይወት በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር ነው የሚያልፈው። ግን ይኸው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 652 አመንዝራነትንም ያስቀጣል። ጠለፋንም ያስቀጣል። መግደልንማ መናገር አያስፈልግም። ከልብ ወለዶቻችን ውስጥ አመንዝራነት፣ ጠለፋና ግድያ ያለባቸውን አውጥተን ብንጥል መደርደሪያው ላይ ምን ይቀራል? ስለ አመንዝራ የሚያነብን ሰው አመንዝራ ነው አንልም። ስለ ነፍሰ ገዳይ የሚያነብንም ፖሊስ አንጠራበትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ማንበብ ማወቅ ነው፤ ከማወቅ በኋላ የሚመጣውን ፍርድ እያንዳንዱ በሕሊናው ይስጥ።

እምነታቸው የማይፈቅድላቸው ሰዎች በዚህ ጉባኤ መካከል እንዳሉ አውቃለሁ። አለማንበብ መብታችሁ ነው፤ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይገባም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ሌላው በማንበቡም አትፍረዱበት።

አሁን ወደ መምረጥ ልምጣ። ለሰው መጽሐፍ የምትመርጡ፣ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ሻጮችና አዟሪዎች፣ በየሰፈሩ የንባብ ክበብ የምታስተባብሩ፣ ከልምድ ያገኘሁትን በአጭሩ ልበላችሁ።

መጀመሪያ ሙሉውን አንብቡ። ከጀርባ ሽፋን ላይ ተነሥቶ መጽሐፍ መምረጥ ሳይቀምሱ ወጥ እንደ ማጉረስ ነው። በተለይ የፍቅር ልብ ወለድ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁሉ ጣፋጭ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ከመካከሉ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰውን ስለ ማንነቱ አትጠይቁት፤ በቅርቡ ስለ ወደደው መጽሐፍ ጠይቁት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የወደደች ልጅ ጉዱ ካሳን ወድዳ ይሆናል፤ እንግዲያው የሚያስፈልጋት ከሥርዓት ጋር የሚጣላ ሰው ያለበት መጽሐፍ ነው። ሰብለወንጌልን ወድዳ ከሆነ ሌላ መጽሐፍ ነው። የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያለበትን ልብ ወለድ የሚጠይቅም ሰው ለምን እንደጠየቀ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ለጥናት ይሆናል፣ ለወንድሙ ብሎ ይሆናል፣ ለራሱ ይሆናል። የእናንተ ሥራ መጽሐፉ ላይ ያበቃል።

ሦስተኛ፣ ምስጢር ጠብቁ። ማን ምን ተዋሰ የሚለው ወሬ በሰፈራችን እንደ እሳት ነው የሚዛመተው። በአንዲት መጽሐፍ ምክንያት ከቤት የሚባረር ልጅ ሊኖር ይችላል። የተዋሰው ሰው ስም ከእናንተ አፍ እንዳይወጣ።

አራተኛ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን በግልጽ ተናገሩ። ፍቅሩ በእነማን መካከል ነው? ድብደባ አለበት? የአልጋ ትዕይንት አለበት? ለልጅ የሚሆን ነው ወይስ ለዐዋቂ? «መጨረሻው ላይ ይሞታሉ እንዴ?» ብላ የጠየቀችውንም ልጅ «አንብቢውና ታይዋለሽ» አትበሏት። እናቷን የቀበረች፣ ፍቅረኛዋ በስደት መንገድ የቀረባት ትሆናለች፤ ዛሬ ሌላ ሞት አትችል ይሆናል። ታሪኩን ሳታፈርሱ «ያስለቅሳል፣ ግን ተስፋ ይዘሽ ትወጫለሽ» ወይም «ይሄን ለሌላ ጊዜ አቆዪው» ማለት ይቻላል።

የመጨረሻው ይህ ነው። ለጉዳዩ ድፍረት ብላችሁ ደካማ መጽሐፍ አታመስግኑ። የተከለከለ ርዕስ መያዙ ብቻ ልብ ወለድን ጥሩ አያደርገውም። ገጸ ባሕርያቱ ሰው ካልሆኑ፣ አማርኛው ካልጣፈጠ፣ ፍቅሩ በስብከት ከተተካ መጽሐፉ ወድቋል፤ ስለ ገበሬና ባላባት ቢሆንም፣ ስለ ሁለት ወንዶች ቢሆንም።

ሐዲስ መቃብሩን የጻፉት በዛብህና ሰብለወንጌል አብረው መኖር ይገባቸው ነበር ብለን እንድንቆጭ ነው። እኛም ተቆጭተናል። ዛሬ የድሃ ልጅ የባለጸጋ ልጅ ቢያገባ አገር አይናወጥም፤ ልባችንን ካለሰለሱት አንዱ ያ መጽሐፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ማን ፍቅር ማዘን እንደሚገባን አስቀድሞ የሚነግረን ልብ ወለድ ነው፤ ሕግና ልማድ ቆይተው ይከተላሉ ወይም አይከተሉም።

ስለዚህ አደራ የምለው ይህን ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ አዲስ የፍቅር ልብ ወለድ፣ የምትፈሩትም ቢሆን፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ከወደዳችሁት ለአንድ ሰው ስጡ፤ ለምን እንደወደዳችሁትም ንገሩት። ከጠላችሁትም በምክንያት ጥሉት። ሳያነቡ መፍረድ ይብቃን።